የቃል አቀባዩ ወገብ

«እናትዎ እንዴት ናቸው?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ዳኛው ከወንበሩ ብድግ አሉ። ግማሽ ራሳቸው ተከርክሟል፣ ግማሹ እንዳለ ነው።

«ምን ሰማህ?»

«ምንም።»

«አትደብቀኝ። ትናንት ደህና ነበረች።»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩት።»

«አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠይቀው?»

ዳኛው ፎጣው አንገታቸው ላይ እንዳለ እህታቸው ቤት ደወሉ። እናታቸው ሻይ እየጠጡ ኖሯል፤ ስኳሩ አነሰ ብለው ሲከራከሩ በስልኩ ይሰማል። ዳኛው ተመልሰው ተቀመጡ።

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ወገቤን አሞኝ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ቶንዶሱን እያስነሣ።

ዳኛው ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ይህ ሰው ከአባቱ በወረሳት ባለ አንድ ወንበር ሱቅ ውስጥ «ይጠር?» እና «ይኸው» ከማለት በቀር ብዙ ሲናገር ተሰምቶ አያውቅም። ሰፈሩ «ቃል አቀባዩ» የሚለው ለዚህ ነው። አባቱ ሥራውን ሲያስተምሩት፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይሉት ነበር፤ በዚህ ሙያ ደግሞ ፀጉርም ይገባል። ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ሲሰሙ የሚውሉት ዳኛው እሱን የመረጡትም ስለ ዝምታው ነበር።

ታችኛው ወገቡን ማመም ከጀመረው ቆይቷል። ሰው አንገት ላይ ጎንበስ ሲል ይይዘዋል፤ ቀና ሲል ደግሞ እንደ ዛገ ማጠፊያ አልዘረጋ ይላል። ኪኒኑም ቅባቱም ሰፊው ቀበቶም ተሞክረዋል። ነገሩ ሲከፋ ሚስቱ መላ ዘየደች፤ በሌላ ከተማ ተቀጥሮ ፀጉር የሚያስተካክል ወንድሟ ክረምቱ ሲያልቅ መጥቶ ሱቁን ይረከብ፣ ባሏም ይረፍ። ይህን ስትነግረው ዝም አለ። እነሱ ቤት ዝምታ እሺ ማለት ስለሆነ ለወንድሟ ቃል ገባች። ፀጉር አስተካካዩ ግን ከዚያች ወንበር ጀርባ ካልቆመ ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ አያውቅም። ክረምቱ ሳያልቅ ለመዳን ብሎ ብቻውን ወደ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄደ።

ባለሙያዋ ወጣት ናት። በጀርባው አስተኛችው፤ ጉልበቱን አሳጠፈችውና ሁለት ጣቷን ከዳሌ አጥንቱ ወደ ውስጥ አለፍ አድርጋ ጫነች።

«ከእንብርትዎ በታች ያለውን ሆድ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ይሳቡት።»

ሳበው። ፊቱ ደም መሰለ።

«ጋሼ፣ ሱሪ አይደለም የምንቆልፈው። በጣም በትንሹ።»

ከትልልቆቹ ጡንቻዎች ሥር፣ አከርካሪውን አጥንት ካጥንት አያይዘው የሚያቆሙ ትንንሽ ጡንቻዎች እንዳሉ ነገረችው። ሕመሙ ሲቆይ እነዚህ ይሰንፋሉ፤ ትልልቆቹ የእነሱንም ሥራ ደርበው ሲሠሩ ይደክማሉ።

«እንደ አንዳንድ መሥሪያ ቤት ማለት ነው» አለች።

«የትኞቹ እንደሠሩ በምን ይታወቃል?»

«እንደያዙት ያውሩ። ማውራት ካቃተዎት ትልልቆቹ ናቸው የያዙት።»

«ምን ላውራ?»

«የፈለጉትን።»

ጣሪያውን አየ።

«ጋሼ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«ይሄ እንግዲህ ወሬ ነው?»

መቁጠርም እንደማይበቃ ነገረችው፤ ሰው ትንፋሹን አምቆ መቁጠር ይችላል። ቤት ውስጥ ተኝቶም ተንበርክኮም፣ ሱቅ ውስጥም ጎንበስ ከማለቱ በፊት፣ ያንን ሆድ ሰብሰብ አድርጎ እያወራ እንዲሠራ አዘዘችው። የዳኛውን እናት ያነሣው በማግስቱ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያገኘውን ሁሉ ያወራ ጀመር። አንዳንዱ ደንበኛ ወደደለት። ዳኛው ግን ጥቂት ታገሡና ማዶ ወዳለው ፀጉር ቤት ተሻገሩ፤ እዚያ ሬዲዮው ቢለፈልፍም መልስ አይጠብቅም።

ክረምቱ ሊወጣ አካባቢ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎን ምንጣፉ ላይ በእጁና በጉልበቱ ቆሞ ቀኝ እጁን ወደ ፊት፣ ግራ እግሩን ወደ ኋላ ዘርግቷል። ሚስቱ የሱቁን ፎጣዎች ታጥፋለች።

«ወሬውስ?» አለችው።

«ዳኛው ማዶ ገቡ።»

«ሰምቻለሁ። ሌላ?»

«የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ልታገባ ነው።»

«እሱንማ እኔ ነኝ የነገርኩህ።»

እጅና እግሩን ቀየረ።

«አለቀብህ አይደል?»

«ሱቁን ለወንድምሽ መስጠት አልፈልግም» አለ፣ ምንጣፉን እያየ።

የያዘችው ፎጣ ጭኗ ላይ ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ያኔ ስነግርህ ምን አልክ?»

«ዝም አልኩ።»

«እኔ ደግሞ ተገላገልኩ ያልክ መስሎኝ ነበር። ላንተ ብዬ እኮ ነው አፌን ሞልቼ ቃል የገባሁት።»

«አውቃለሁ።»

«እግርህን አውርድና አናግረኝ።»

«እንዲህ ሆኜ ይሻለኛል።»

እጁና እግሩ እንደተዘረጉ ናቸው፤ ድምፁ ግን አልተቆረጠም።

«ወገብህስ?» አለች።

«አልተወኝም። ድሮ ከጠዋቱ ደንበኞች ጋር አብሮ ይገባ ነበር፤ አሁን ከምሳ በኋላ ነው የሚመጣው።»

«እና ይሄ መዳን ነው?»

«መዳንስ አይደለም። መቆም ግን እችላለሁ።»

ፎጣውን አንሥታ አጠፈችው።

«ወንድሜን ምን ልበለው?»

«እኔው እነግረዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ደውሎ ነገረው። የሚስቱ ወንድም ተቀየመ፤ እዚያው ባለበት ከተማ እንደተቀጠረ ቀረ።