ካሤ ወፍጮውን የሰበረ ዕለት

የሰቆጣው ባለወፍጮ ካሤ የታወቀ ተደባዳቢ ቢሆንም በሴት ላይ እጁን አንስቶ አያውቅም ነበር። በሁለት ሺህ አንድ ክረምት ግን በገበያ መሐል ሸክላ ሠሪዋን ጥሩሐረግን በሽመል ፈነከታት።

«ልጄን ልቀቂያት!» እያለ ማሰሮዋን በእርግጫ አደቀቀው።

ልጁ ባንቺ አምስት ዓመት ሞልቷት «አባባ» ብላው አታውቅም። ሲጠሯት አትዞርም፣ ከእናቷ በቀር ማንም ሲነካት ትጮኻለች። የወፍጮው መዘውር ሲዞር ብቻ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እጇን እያርገበገበች ትስቃለች። አገሩ «ቡዳ በልቷታል» አለ፤ ቡዳ ከተባለ ደግሞ ጣት የሚቀሰረው ሸክላ ሠሪ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አገር ልቦና ይስጠው!

ጎረቤቶች ሽመሉን ቀምተው፣ ጥሩሐረግን ደግፈው፣ ካሤን እየገፉ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሚስቱ የሻሽወርቅም ባንቺን አዝላ ተከተለች። ነርሷ የጥሩሐረግን ቁስል ሰፍታ ስታበቃ ልጅቷን ደጋግማ አየች፤ እናትየዋንም ጠየቀች።

«ኦቲዝም የሚሉት ይመስለኛል። አብሯት የተወለደ ነው፤ የማንም ዓይን አላመጣውም።»

«ታዲያ ማን አመጣው? ስሙን ንገሪኝና ልግደለው!» አለ ካሤ።

«በውል አይታወቅም። ብዙ ነገር ይጠረጠራል፤ እናት በእርግዝናዋ የምትስበው የነዳጅ ጭስ ሳይቀር። የእናንተ ምክንያት ይኸው ነው ግን አልልም።»

የሻሽወርቅ ባሏን ቀና ብላ አየችው። ባንቺን አርግዛ እህል ስትመዝን፣ የሞተሩ ጭስ አፍኗት፣ «ኧረ ይኼን ቱቦ ወደ ወንዙ አዙርልኝ» ብላ ለምናው ነበር። እሱም «ጭስ ጠልተሽ እንጀራ ልትበይ ነው?» ብሎ ሳቀባት።

ያ የሚስቱ አስተያየት ካሤን አሳበደው። ወፍጮ ቤቱ በርሮ መጥረቢያውን አነሳ። ራሱን መምታት ያቃተው ሰው፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሞተሩ ላይ ወረደበት። ቱቦውን ገነጠለ፣ ቺንጋ የሚባለውን የሞተሩን ቀበቶ በጠሰ፣ መዘውሩን አጣመመ። ናፍጣው እግሩን አጠበው። መዳፉ ተልጦ እስኪደማ ድረስ «እኔ ነኝ! እኔው ነኝ የበላኋት!» እያለ እያለቀሰ ቀጠቀጠ።

የሻሽወርቅ ደርሳ ባንቺን ከጀርባዋ አወረደቻት። ሰው ነክታ የማታውቀው ልጅ ቀጥ ብላ ሄዳ የአባቷን የደማ እጅ ያዘች። መጥረቢያው ከካሤ እጅ ወደቀ።

«ባንቺዬ» አላት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። እጁን ጎትታ መዘውሩ ላይ አስቀመጠችና ገፋችው። መዘውሩ አልዞረም። ደግማ ገፋችው። ከዚያ ጩኸቷን ለቀቀችው፤ እጁን ግን አልለቀቀችም።

ካሤም ደሙ በብረቱ ላይ እየተንጠባጠበ፣ የማይዞረውን መዘውር ይገፋ ጀመር።