ግድግዳው ይበሳ

ሀምዳን ከኢስታንቡል የገዛውን ማሞቂያ በፒክአፕ ጭኖ ኮልፌ አጠና ተራ ጀርባ ወዳለው የእናቱ ቤት ያመጣው በሐምሌ ወር፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ግቢውን አጥቦ ባባራበት ጠዋት ነበር። ነጭና ሰፊ፣ ፊት ለፊቱ እሳቱን የሚያሳይ መስታወት ያለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የጋዝ ማሞቂያ ነው። ሀምዳን የመርካቶ ነጋዴ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ ያመጣው ነገር ሲደነቅለት ደስ የሚለው ሰው ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ቤት ከሰል የሚባል ነገር እንዳላይ» አለ።

በዚህ ቃል ከሁሉም በላይ ደስ ያላት የታናሽ ወንድሙ የኢብራር ሚስት አልፊያ ነበረች። አልፊያ ጦር ኃይሎች አካባቢ መጋረጃ የምትሰፋበት ትንሽ ሱቅ አላት። የምትኖረው ከባሏና ከአማቷ ከወይዘሮ ሃፊዛ ጋር ነው። ክረምት በገባ ቁጥር የአማቷ ደረት ይዘጋል፣ ጉልበታቸው አልታዘዝ ይላል፣ ማንደጃ አምጡልኝ ይላሉ። አልፊያ ግን ፍሙ ነጥቶ ካላለቀ ማንደጃውን ከበረንዳው አታሳልፍም። በዚህ የተነሳ አማትና ምራት በየክረምቱ ይኮራረፋሉ።

አልፊያ ከሰልን የምትጠላበት ምክንያት ነበራት። ታናሽ እህቷ ፈይዛ ዘነበወርቅ ሰፈር ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ የክረምት ምሽት ያጠበችው የሥራ ልብስ አልደርቅ ቢላት ማንደጃውን ወደ ውስጥ አስገባች፤ ብርዱን ፈርታ በሩን ዘጋች። ጠዋት በሩን ገንጥላ የገባችው አልፊያ ናት። ክፍሉ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ሽታም አልነበረም። ፈይዛ በጎኗ እንደተጋደመች ጥሩ እንቅልፍ የወሰዳት ነበር የምትመስለው። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «ቀኗ ደርሶ ነው» አለ። አልፊያ ቀን እንደሚደርስ ታምናለች፤ ማንደጃ ግን በራሱ እግር ቤት እንደማይገባም ታውቃለች።

ሐሙስ ዕለት ሁንዴ መጣ። ሁንዴ ሀምዳን የሚያሠራቸውን ሕንፃዎች የውኃና የጋዝ መስመር የሚዘረጋለት ባለሙያ ነው። ካርቶኑን ሲፈታ ከማሞቂያው ሌላ አንድ አጭር ወፍራም ቱቦ ወጣ። በቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለበት፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ወንፊት የመሰለ ክዳን ተገጥሞለታል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች አልፊያ።

«መተንፈሻው ነው። በውስጠኛው የተቃጠለው አየር ይወጣል፣ በውጭኛው ለእሳቱ ንጹሕ አየር ይገባል። የክፍሉን አየር አይነካም ማለት ነው። ግድግዳው ይበሳና በቀጥታ ወደ ውጭ ይወጣል።»

«የትኛው ግድግዳ?» አለ ሀምዳን።

ሁንዴ በጣቱ አሳየ። የወይዘሮ ሃፊዛ መኝታ ክፍል ወደ ውጭ የሚያይ ግድግዳ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቤቱ ግንባር ነው። ሀምዳን ያንን ግንባር ገና መሰንበቻውን በተጠረበ ድንጋይ አስለብጦታል። እሁድ የልጁ ኒካህ እዚሁ የአያቷ ግቢ ውስጥ ሊታሰር ቀጠሮ ተይዟል።

«እሱ አይነካም» አለ። «ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። በውስጠኛው ግድግዳ ስቀለው። ቱቦውን ተወው። ሲሊንደሩን አልጋው ሥር አስጠግተህ ጨርቅ ጣል አድርግበት።»

ሁንዴ ማጅራቱን አሸት አሸት አደረገ። «እንደሱ ባይሆን ይመረጣል፣ ጋሼ።»

«ባይሆን ይመረጣል ነው ወይስ አይበራም?»

«መብራቱን ይበራል።»

«በቃ።»

«አይበራም» አለች አልፊያ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። በሩ ላይ የቆመው ባሏ ኢብራር «ተይ አልፊያ» አላት ዝግ ባለ ድምፅ። ኢብራር ደግ ሰው ነው፤ ታላቅ ወንድሙ ፊት ሲቆም ግን ሁልጊዜ ልጅ ይሆናል።

«ምን አልሽ?» አለ ሀምዳን።

«ጋሼ፣ ሲሊንደሩም ከዚህ ክፍል ይወጣል፣ ቱቦውም ወደ ውጭ ይወጣል። ያለዚያ እዚህ ቤት አይበራም።»

«አባቴ እዚሁ ክፍል ውስጥ ከሰል ሲያነድ ኖሮ ሸምግሎ ነው የሞተው።»

«ያኔ በሩ ሳንቃ ነበር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፣ በየቀዳዳው ነፋስ ይገባ ነበር። እርስዎ ኮርኒስ አሠሩለት፣ መስኮቱን በአልሙኒየም አስገጠሙት። እናመሰግናለን። አሁን ትንፋሽ እንኳ አያሳልፍም።»

«በሩን ገርበብ ታደርጉታላችሁ።»

«ሲበርዳቸው ተነሥተው ይዘጉታል። እህቴም ዘግታው ነው።»

ሀምዳን የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። «አንቺ ያዘንሽበት ነገር አለ፣ ይገባኛል። ግን ይሄ ቤት የአባቴ ቤት ነው። ሁንዴ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ይዤ ድንኳን የሚተከልበትን ላሳያቸው እመጣለሁ። ስመጣ በርቶ ልየው።»

«ቤቱ የአባትዎ ነው፣ ጋሼ» አለች አልፊያ። «ሳንባው ግን የእማማ ነው።»

ሀምዳን ወጣ። የመኪናው ድምፅ ከግቢው ሲርቅ አልፊያ ወደ ሁንዴ ዞረች።

«ብሳው።»

«እህቴ፣ እኔ የሰው ሠራተኛ ነኝ። እሱ ነው የሚያሠራኝ።»

«እንግዲያው መዶሻህን አውሰኝ።»

መሳሪያ ሣጥኑን ራሷ ከፈተችው። መዶሻውንና የግንበኛ መሮውን አንሥታ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ከግድግዳው ፊት ቆመች። የመጀመሪያው ምት ቀለሙን ብቻ ፈነቀለ። ሁለተኛው ልስኑን ቦርቡሮ ፊቷ ላይ በተነው። ሦስተኛውን ልትመታ ስትል ሁንዴ እጁን ዘርግቶ አስቆማት፤ ከጆሮው ላይ እርሳስ አንሥቶ ግድግዳው ላይ ክብ ሣለላት።

«ከመስኮቱ ራቅ ይበል» አለ። «የሚወጣው አየር ተመልሶ በመስኮት እንዳይገባ። ወደ ውጭ ደግሞ ትንሽ ዘንበል ይበል፣ ዝናብ እንዳያስገባ። እኔ እንግዲህ አልበሳሁም።»

«አልበሳህም» አለች።

ኢብራር ገብቶ በልስን አቧራ ነጭ የሆነውን የሚስቱን ፊት አየ። «ምን እያደረግሽ ነው? እሁድ እኮ ሰርግ ነው።»

«ወይ መሮውን ያዝልኝ፣ ወይ ዞር በልልኝ።»

ቆመ። በሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ። እሷ ግን እሱን መጠበቋን ትታ መምታት ጀምራ ነበር። አልጋው ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡት ወይዘሮ ሃፊዛ ጉልበታቸው ላይ የሰፈረውን አቧራ አራገፉና «ቆይ እስቲ» አሉ።

መዶሻው ቆመ።

«ከጠዋት ጀምሮ ጭቅጭቁን እየሰማሁ ነው። እኔን ግን የጠየቀኝ የለም። የምተኛበት እኔ አይደለሁም?»

አልፊያ ደነገጠች። እውነታቸውን ነበር። ስለሳቸው ሳንባ ስትከራከር አንዴም ወደሳቸው ፊቷን አላዞረችም። መዶሻውን ዝቅ አድርጋ አልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«ፈይዛ የሞተች ጊዜ ሬሳዋን ካጠቡት አንዷ እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ። «ጉንጮቿ ቀልተው ነበር። ሙሽራ ነበር የምትመስለው። ክረምት በመጣ ቁጥር ማንደጃ አምጪ ብዬ ስቆጣሽ፣ ያንን ረስቼው እንዳይመስልሽ። ብርዱ አስመርሮኝ ነው።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢብራር፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ? መሮውን ያዝላት።»

ኢብራር ጃኬቱን አወለቀ።

ብሎኬቱ ቶሎ ተሸነፈ። ድንጋዩ ላይ ሲደርሱ ግን ሁንዴ ከዚያ በላይ ቆሞ ማየት አልቻለም። «በዚህ አያያዛችሁ ግንባሩን በሙሉ ልታረግፉት ነው» ብሎ ድሪሉን ሰካና በውጭ በኩል ዞረ። በጥንቃቄ ነው የበሳው፤ እንዲያም ሆኖ ከክቡ ጠርዝ አንድ ስንጥቅ ተነሥቶ ድንጋዩን እስከ ታች ወረደበት። አልፊያ ስንጥቁን አየችው። ሆኖም «ቀጥል» አለች።

ቱቦው ገባ፣ ዙሪያው በሲሚንቶ ተመረገ፣ ወንፊቱ በውጭ ተገጠመ። ማሞቂያው ከመጋረጃውና ከአልጋው ርቆ ተሰቀለ። ሲሊንደሩን ከቤቱ ጀርባ ጥላ ሥር፣ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ አቆሙት፤ ጋዝ ካመለጠ መሬት ለመሬት ተስቦ ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል ብሎ ሁንዴ ከቦዩ አራቀው። መስመሩን በመዳብ ቱቦ ከዘረጋ በኋላ የሚያመልጥ ጋዝ ካለ በአረፋው እንዲታይ ሳሙና በጥብጦ በየመጋጠሚያው ቀባ። አንደኛው መጋጠሚያ ላይ ትናንሽ አረፋዎች ብቅ ብቅ አሉ። ኢብራር በድንጋጤ ወደ ኋላ አለ። ሁንዴ ፈታው፣ እንደገና አጠበቀው፣ እንደገና ቀባው። አረፋ የለም። አልፊያ ግን አንድ ጊዜ ድገመው አለችው፤ ደገመው።

ሲበራ ሰማያዊ ነበልባል ከመስታወቱ ኋላ ተሰለፈ። ወይዘሮ ሃፊዛ እጃቸውን ዘረጉ፤ ቆይተው ጋቢውን ከትከሻቸው አወረዱ።

ሀምዳን ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ሲመጣ መጀመሪያ ያየው ግንባሩን ነበር። ከድንጋዩ መሐል የወጣውን ክዳንና ቁልቁል የወረደውን ስንጥቅ ሲያይ የጀመረውን ወሬ አቋረጠ።

«ማነው ይሄን ያደረገው?»

ሁንዴ መሬት መሬት አየ። «እኔ ነኝ» አለች አልፊያ።

«እኛ ነን» አለ ኢብራር ከኋላዋ። ወደ ፊት ወጥቶ አጠገቧ ቆመ።

ሀምዳን ወንድሙን አላየውም። «ሁንዴ፣ አሁኑኑ ድፈነው።»

«ይድፈነው» አለች አልፊያ። «ግን መጀመሪያ ማሞቂያውን ያወርደዋል። ቱቦው ተደፍኖ ይሄ እሳት አይነድም። ያለ ቱቦ ይነዳል ካሉም እርስዎ ይጀምሩት፣ ጋሼ። አልጋው ተነጥፏል። ሙሽራዋንም ይዘው ይምጡና በሩን ዘግተው አንድ ሌሊት ይደሩበት። ጠዋት እኔ መጥቼ እከፍተዋለሁ። በር መክፈት ለምጄዋለሁ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሀምዳን ወደ ግንባሩ ዞሮ ስንጥቁን በእጁ ዳበሰ። በተከፈተው በር የእናቱ ድምፅ መጣ።

«ሀምዳን፣ ውጭ አትቁም። ጫማህን አውልቅና ግባ፤ ቤቱ ሞቋል።»

አልገባም። ሽማግሌዎቹን ይዞ ወጣ። ግን ድፈነው ያለውን ቃል አልደገመውም።

እሁድ ጠዋት ድንኳኑ ተተክሎ፣ ግቢው በሰው ተሞልቶ፣ አልፊያ ከጓዳ ስትወጣ የዲኮር ሠራተኞች የቤቱን ግንባር ከላይ እስከ ታች በክሬም ሳቴን እየሸፈኑት አገኘች። ስንጥቁ እንዳይታይ ሀምዳን ያዘዘው ነው። ጨርቁ የመተንፈሻውን አፍ ግጥም አድርጎ ሸፍኖታል፤ ከሙቀቱ የተነሳ ይነፋል፣ ይረግባል። ውስጥ ደግሞ ወይዘሮ ሃፊዛ ከእኩዮቻቸው ጋር ማሞቂያውን ከብበው ተቀምጠዋል።

በመጀመሪያ ሮጣ ገብታ ማሞቂያውን አጠፋችው። ከዚያ የልብስ ስፌት መቀሷን ይዛ ወጣች። እንግዳው ሁሉ እያየ ወንበር አስጠግታ ቆመችበትና ሳቴኑን ከመሐሉ ቀደደችው። የጨርቁ ድምፅ ጨዋታውን ሁሉ ጸጥ አሰኘው። በክዳኑ ዙሪያ የነበረውን በሙሉ ቆርጣ ጣለች፤ ስንጥቁም ክዳኑም በአደባባይ ታዩ።

ሀምዳን በአዲሱ ሱፉ እየተራመደ መጣ። «የኪራይ ጨርቅ ነው» አለ ጥርሱን ነክሶ።

«ጨርቅ ይሰፋል፣ ጋሼ። ሙያዬ ነው።»

«በልጄ ቀን አዋረድሽኝ።»

«ልጅዎ ቀኑን ስታስበው በሠርጌ አያቴ ሞቱ እንዳትል ነው። ይቆጡኝ፤ እችለዋለሁ።»

ከወንበሩ ወርዳ ገባች። መስኮቱን ከፍታ ክፍሉን አናፈሰች፣ ትንሽ ጠበቀችና እንደገና አበራችው። መቀሷን አማቷ ተቀበሏት። ኒካሁ በሰዓቱ ታሰረ። ሙሽራዋ የተቀደደው ሳቴን ፊት ፎቶ ተነሣች፤ ምን እንደሆነ ለጠየቃት ሁሉ እየሣቀች ትናገር ነበር።

ሀምዳን ያንን ክረምት በሙሉ አልፊያን አላናገራትም። እናቱን ለመጠየቅ ሲመጣ ግን ጫማውን አውልቆ ይገባና ከማሞቂያው አጠገብ ይቀመጣል። ቱቦውን የሚመለከት ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። አልፊያም አንድም ቀን አልጠየቀችውም።

የሰፈሩ ሰው ከሠርጉ በኋላ «አልፊያ መዶሻ» የሚል ስም አወጣላት። መጀመሪያ ለፌዝ ነበር። አሁን ብርዱ ሲጠና ሱቋ ድረስ እየመጡ፣ ማንደጃ አስገብተው በር ዘግተው ስለሚተኙ ተከራዮቻቸውና ስለ ግትር አባቶቻቸው ይነግሯታል። እሷም መጋረጃውን ከስፌት መኪናዋ ሥር አውጥታ አጥፋ ታስቀምጥና «ቤቱ የት ነው?» ብላ ሻሿን ታስራለች። አንዳንዱ በር አይከፍትላትም፤ በመስኮት በኩል ትናገራለች።