የሱባኤ ጎመን

እኔ የመሪጌታ ወልደ ገብርኤል ሚስት የሺአረግ ነኝ። የዘንዘልማ ሰው ሁሉ ምላሴን ይፈራል፤ ባሌ ግን አንድም ቀን ሰምተውኝ አያውቁም።

በደርግ ጊዜ ማዕድን ፈላጊዎች መጥተው ከማሳችን በላይ ያለውን ተረተር ሲቆፍሩ ከረሙ፤ ያሰቡትን ሲያጡ ጥለውት ሄዱ። ጉድጓዱ ውሃ አቆረ፤ ከጣና ይልቅ የጠራ ውሃ። መሪጌታ ደስ ብሏቸው ቦይ ቀደዱና በበጋ ጎመን ተከሉበት። ጎመኑስ ምን ወጣው!

ሁዳዴ ገባ። ብዙ ሳይቆይ መሪጌታን ሆዳቸውን ይቆርጣቸው፣ እጃቸውን ያደነዝዛቸው ጀመር፤ ጸናጽል መያዝ አቃታቸው። ጾም የማያውቀው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አምባቸው ግን ሥጋውን እየበላ እንደ ወይፈን ይንጎራደዳል። "ፈተና ነው፤ ሰይጣን የሚታገል ከጿሚ ጋር ነው" አሉ መሪጌታ፤ እንጀራውንም ሽሮውንም ትተው እስከ ፋሲካ ጎመን ብቻ ሊበሉ ተሳሉ።

እየጎተትሁ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ወሰድኋቸው። ሐኪሙ የጉድጓዱን ነገር ሲሰማ ደነገጠ። "አባቴ፣ እንዲህ ያለ ውሃ እርሳስና ሌላም መርዝ ይኖርበታል። ጎመኑ ይመጥጠዋል፤ ይተዉት" አላቸው።

መሪጌታ ሳቁ። "ልጄ፣ ጎመን ነው እኮ!"

ፋሲካ መጣ፤ ጎመኑ ቀርቶ ዶሮና እርጎ ሆነ። ለጰራቅሊጦስ እጃቸው ተፍታታ።

"አየሽ የሺ? ስለቴ ሰመረ፤ ጾሙ አዳነኝ።"

"ያዳነዎትስ ጾሙን መፍታትዎ ነው!" ብዬ ጮህሁ። ማን ሰምቶኝ! ወሬው ደብሩን አዳረሰና ሰው ችግኙን እየተሻማ ወስዶ ከቦዩ ዳር ተከለ።

ሐምሌ ላይ የእኛን ማሳ ጎመን ከነሥሩ ነቅዬ ጣልሁት። እሳቸው አልተቆጡም። ፍልሰታ ሲገባ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሱባኤ ያዙ፤ ምእመኑም ለበረከት እያለ ከየማሳው ጎመን እየቀቀለ አመጣላቸው። እኔ ምስር ይዤ ስሄድ "ጠግቤያለሁ" ይሉኛል።

ነሐሴ ሳይጋመስ ቀበርኋቸው።

ጎረቤት ልቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መጣ፤ ጾም ነውና ጎመን በእንጀራ። ሸጊቱ የምትባል ጎረቤቴ ጠቅልላ ልታጎርሰኝ እጇን ዘረጋች። "አፈር ስሆን ቅመሺ፤ በእሳቸው ቦይ የበቀለ ነው። በረከታቸው ይድረስሽ።"

ሌማቱን ገለበጥሁት። "መርዝ ነው! አትብሉ! እሳቸውን የገደለ እሱ ነው!"

"እኔን! ኀዘኑ አእምሮዋን ነሳት" አሉና ይዘው አስቀመጡኝ። ሌላ ሌማት ቀረበ። እኔ እያለቀስሁ፣ እነሱ ልጆቻቸውን እያጎረሱ በሉ።