ከደረጃው ሥር ያለው ሰርቨር

ሙያው የሰው ሰርቨር መጠገን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ኪሱ ሽቦ አያጣም ነበርና ቤተሰቡ «ሽቦ» ይለዋል። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ያረጀ ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጎ ከደረጃው ሥር፣ ከመጥረጊያውና ከባልዲው ጎን አስቀምጦ የቤተሰቡን ኢሜይል በዚያ ማስኬድ ጀመረ። አባቱ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው።

«እንደ ሰው ሁሉ በነጻ ከሚሰጡት አንዱን ብንይዝ ምን አለበት?» አሉት።

«ደብዳቤያችን በሰው እጅ አይግባ፤ እኔ እያለሁ ምን ያሳስብሃል?»

እውነትም አላሳሰባቸውም። መርከበኛው ታላቅ ወንድሙ ወደብ በደረሰ ቁጥር ከመርከቡ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ይልካል፤ እናቱ ታብሌታቸውን ከፍተው ጮክ ብለው ያነቡታል። ከዚያ በኋላ ሌላ ወደብ እስኪደርስ ስልክም ወሬም የለም።

ሽቦ የአንድ ሆስፒታል ኔትወርክ ሊዘረጋ ሩቅ ከተማ ከሄደ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ሰኞ ጠዋት እናቱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ኢሜይሉ እንቢ አለኝ። ወንድምህ ደግሞ ሰሞኑን ወደብ ይደርሳል።»

ሽቦ ካለበት ሆኖ ሰርቨሩን ሞከረው፤ መልስ የለም።

«ቤት ውስጥ የተነካ ነገር አለ?»

«ቅዳሜ የመስመር ሰዎቹ መጥተው የኢንተርኔቱን ሳጥን በአዲስ ቀየሩልን። ጨዋ ልጆች ናቸው።»

ሽቦ ግንባሩን ያዘ። አሮጌው ሳጥን ከውጭ የሚመጣውን ደብዳቤ ወደ ሰርቨሩ እንዲያሳልፍ ያስተካከለው እሱ ነበር፤ አዲሱ ማንንም አያውቅም። የሳጥኑ የይለፍ ቃልም በኢንተርኔት ድርጅቱ እጅ ነው። ደወለላቸው።

«ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ ይስተካከላል» አለችው አንዲት ድምፀ ለስላሳ ሴት።

«እህቴ፣ የላኪው ኮምፒውተር የሚሞክረው አምስት ቀን ነው። ከዚያ ተስፋ ቆርጦ ደብዳቤውን ይመልሰዋል።»

«ይገባኛል። ጥያቄዎ ግን ተመዝግቧል።»

ምናልባት ከአዲሱ ሳጥን ጋር ይግባባ ይሆናል ብሎ አባቱን ሰርቨሩን አጥፍተው እንዲያበሩት ለመናቸው። አባቱ ጉልበታቸውን እየደገፉ ከደረጃው ሥር ገቡ።

«በራ። ግን ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ማርሹ የተበላ መኪና ነው የሚመስለው።»

«አባዬ፣ አጥፋው። ቶሎ አጥፋው።»

ደብዳቤው ሁሉ የተቀመጠበት ዲስክ ነበር። አራት ዓመት ሳያርፍ የተሽከረከረ ዲስክ አንዴ ከቆመ ላይነሳ ይችላል፤ አጥፍተህ አብራው ብሎ ያዘዘው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

የቀረችው አንዲት መንገድ የቤተሰቡን የኢሜይል አድራሻ ወደ ሌላ ሰርቨር ማዞር ነበረች። አድራሻውን ወዳስመዘገበበት ገጽ ሊገባ ሲል የይለፍ ቃሉ ጠፋው። «ረሳሁ» የሚለውን ተጫነ። መቀየሪያው ወደ ኢሜይሉ እንደተላከለት ተነገረው። ኢሜይሉ ከደረጃው ሥር የሞተው ነው። ከሌላ ኢሜይል እንዳይጽፍለት ደግሞ ወንድሙ በቅርብ ጊዜ መርከብ ቀይሯል፤ የአዲሱ መርከብ አድራሻም ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

አብሮት የሚሠራው የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሺያን የሆነውን ሁሉ ሰምቶ፣ «ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ከተህ ሳጥኑን ቆለፍከዋ» አለው።

ሽቦ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው።

የሚተካው ሰው እስከ ሐሙስ አልተገኘም። እናቱ በየቀኑ ይደውላሉ፤ እሱም በየቀኑ «ትንሽ ነው የቀረው» ይላቸዋል። የተጀመረ ነገር እንኳ አልነበረም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ ነው። ዓርብ አውቶቡስ ላይ ተሳፍሮ ሰዓቱን ሲያይ ዋለ። ቅዳሜ ጠዋት ቤት እንደገባ ሻንጣውን ሳይፈታ ገበያ ወጥቶ አዲስ ዲስክና የራሱን የኢንተርኔት ሳጥን ገዛ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከስልኩ የላከው የሙከራ ደብዳቤ ገባ። ሌላ ግን የገባ የለም። የድሮዎቹ ደብዳቤዎችም፣ ግልባጭ የያዘላቸው እስከ አምና ብቻ ስለነበር፣ ካምና ወዲህ ያሉት ጠፍተዋል።

«የወንድምህስ?» አሉ እናቱ።

«በሳምንቱ መጀመሪያ ጽፎ ከነበረ እስከ ትናንት ተመልሶበታል።»

«የት ነው የተመለሰው?»

ሽቦ ሊያስረዳቸው ጀምሮ ተወው። አባቱ በሩ ላይ ቆመው ሲያዳምጡ ቆይተው መጥረጊያውንና ባልዲውን ወደ ቦታቸው መለሱ። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

ሽቦ ቤት በገባ በአርባ አንደኛው ቀን ከወንድሙ ደብዳቤ መጣ። እናቱ እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው አነበቡት፦

«እንደምን ሰነበታችሁ? ባለፈው የሥራ ውሌ ስላለቀ ቤት ልምጣ ወይስ ልቀጥል ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። እስከ ዓርብ መፈረም ነበረብኝ። ዝም ስትሉ ቀጥል ማለታችሁ መሰለኝና ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። ደብዳቤዬ እንደተመለሰ ያወቅሁት ዛሬ ወደብ ስንደርስ ነው።»

እናቱ «ሁለት ዓመት» የሚለው ላይ ተመልሰው ድምፅ ሳያሰሙ አነበቡት።

«ጻፍለት።»

«ምን ብዬ?»

«ና በለው።»

«ፈርሟል እኮ፣ እማዬ።»

«ና በለው አልኩህ።»

ሽቦ ጻፈ። ሰርቨሩ ያለ ምንም እንከን ተቀብሎ አሳለፈው።

«ሄደ?»

«ሄዷል።»

«ያየዋል?»

«እንጃ፣ እማዬ።»

መርከቡ በዚያው ዕለት፣ ወንድሙ ደብዳቤውን ሳያየው፣ ከወደቡ እንደወጣ የሰሙት ከሁለት ወር በኋላ ነው።