እማማ ድንቄም ይስሙ

ወይዘሮ የዓለምወርቅ፣ ቀጨኔ ውስጥ የተከራየኋት ቤት ባለቤት ናቸው። ገጠር ያሉ ነፍሰ ጡሮችን በስልክ ይደግፋሉ፤ ያማክራሉ፣ ያበረታታሉ፣ ምጥ ሲመጣም ከመስመሩ አይለዩም። አዋላጅ አለመሆናቸውን ግን ለሁሉም አስቀድመው ይናገራሉ። ሰላሌ ካለችው ነፍሰ ጡር ታናሽ እህቴ ከዓለምነሽ ጋር ያገናኘኋቸው እኔ ነኝ።

የዓለምነሽ የመጀመሪያ ልጅ ሞቶ ነው የተወለደው። እኛ አገር ምጥን ሰው ከሰማው ይረዝማል ይባላል። ስለዚህ ለባሏ ለቶለሳ እንኳ ሳትነግር ሙሉ ቀን ደብቃ ጤና ጣቢያ የደረሰችው ከረፈደ በኋላ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ወይዘሮ የዓለምወርቅ ጠሩኝ። ስልካቸው ላይ የእህቴ ፊት ይታያል። እያወራች ሦስት ጊዜ ቃሏን አቋርጣ፣ ምን ሆንሽ ሲሏት ጭሱ ነው ብላቸዋለች። ከኋላዋ ያለው ምድጃ ግን እሳት አልነበረውም።

«እንደገና ልትደብቅ ነው» አሉኝ። «እኔን አልሰማ ብላለች፤ አንተ ንገራት።»

እኔ እንኳን ስለ ምጥ፣ ስለ ሌላውም ነገር ማውራት አፍራለሁ። መሬት መሬት እያየሁ ስልኩን ያዝኩ።

«ዓለሜ፣ ያኔ ማንም አልሰማም። ታዲያ አጠረልሽ?»

ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች።

«እሺ፣ ለቶለሳ ብቻ። እማማ ድንቄ ግን እንዳይሰሙ። እኚያ ጎረቤቴ ከሰሙ ገበያው ሁሉ ሰማ ማለት ነው።»

ቶለሳ ባጃጅ ይዞ መጣ። ወይዘሮ የዓለምወርቅ በስልኩ፣ ትንፋሽሽን በቀስታ አስገቢ፣ በቀስታ አስወጪ እያሉ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ አብረዋት ተነፈሱ። እኔ አዲሱ ገበያ ወደምሠራበት ጎሚስታ ቤት ሄድኩ። የለጠፍኩት ጎማ ሁሉ ሲተነፍስ አለቃዬ ያዕቆብ ዛሬስ ፍቅር ይዞሃል ብሎ ሳቀብኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቶለሳ ደወለ። ሴት ልጅ ናት፤ እናትና ልጅ ደህና ናቸው። እትብቱ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ እንደነበር፣ አዋላጇም ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ሕፃኗ አትተርፍም ነበር እንዳለቻቸው ነገረኝ።

ቤት እንደደረስኩ የወይዘሮ የዓለምወርቅን ጉልበት ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ተነሥ፣ ጎማ ጎማ ትሸታለህ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ስልካቸውን ሰጡኝ። ዓለምነሽ ነበረች፤ ድምፅዋ ደክሟል።

«በል አሁን እማማ ድንቄም ይስሙ» አለችኝ።

እማማ ድንቄን ከሰላምታ በላይ አውርቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ደውዬ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው። የወይዘሮ የዓለምወርቅን ስም ሁለት ጊዜ ደገምኩላቸው፤ ገበያው ሁሉ እንዲሰማው።