ከውሃው በላይ የቀረ አየር

ፎርማኑ ጠዋት እንደገባን፣ «በአየር እንፈትነውና እንገላገል፤ ውሃ ስንሞላ፣ ስናፈስ፣ ስናደርቅ ቀኑ ይሄዳል» አለ።

«ወንድሜንም አየር ነው የገላገለው» አልኩት። ፊቱን አዙሮ የውሃውን ቱቦ ሊያመጣ ሄደ። መሸነፉ ደስ አለኝ፤ በዚህ ነገር ክፉ ነኝ።

ቧንቧ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከሥራው የበለጠ ግፊት ይሰጠውና ብየዳው ይፈተናል። የኔ ሙያ ይኼ ነው። ውሃ ቢጨምቁት እምብዛም አይጠብም፤ ብየዳው ቢከዳ ተፍ ብሎ ንዴቱ ይበርዳል። አየር ግን ቂመኛ ነው። ተኮማትሮ ይጠብቅና መውጫ ያገኘ ለት ብረቱን ከነሰዉ ያነሳዋል። ወንድም ጋሼ ሌላ ፋብሪካ ውስጥ የሞተው እንደዚያ ነው።

በሕይወቱ ሳለ እየሠራ በጥርሱ መሃል ያፏጭ ነበር። ከሞተ ወዲህ ደግሞ በምፈትነው ቧንቧ ሁሉ ውስጥ ሲያፏጭ እሰማዋለሁ። በያጁ ባሌ፣ «ወንድምሽ ጡረታ አይወጣም እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። እኔ ግን እፈራለሁ። አንድ ቀን ከቤቴ ሰው ሊወስድ ነው የሚከተለኝ እላለሁ።

ውሃው ከታች መግባት ጀመረ። ባሌ መሰላል ላይ ወጥቶ ጣሪያው ሥር፣ ቧንቧው የሚታጠፍበት ጋ፣ የአየር መውጫውን ቫልቭ ይዞ ይጠብቃል። «ሞልቷል!» ብሎ ዘጋውና ብየዳውን ሊያይ እዚያው ቀረ። እኔ የእጅ ፓምፑን መግፋት ያዝኩ።

ውሃ የጠገበ ቧንቧ ትንሽ ሲገፉት የግፊት መለኪያው መርፌ ዘሎ ይነሳል። ይሄ ግን ብገፋው ብገፋው ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ያዘግማል። ፉጨቱም ተነሳ፤ እንደወትሮው ከሩቅ ሳይሆን ልክ ከባሌ ራስጌ።

«መቼ ነው የዘጋኸው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ውሃው ተፍ ሲል ነዋ!»

ተፍ ሲል! መንተፋተፉ አልቆ ወጥ ሆኖ እስኪፈስ መጠበቅ ነበረበት። ከላይ፣ መታጠፊያው ውስጥ አየር ቀርቷል። አየር አልነካም ብዬ የተጣላሁት ሴትዮ፣ በገዛ እጄ ባሌ ጆሮ ሥር አየር እያጨቅኩ ነው።

«ውረድ!»

«ደሞ ወንድምሽ መጣ?»

«አዎ መጣ! አፈር ስሆን፣ ውረድ!»

ግፊቱ እንዲወርድ የፓምፑን ማፍሰሻ ከፈትኩት። መርፌው መውረዱንም እንደመውጣቱ አንቀራፈፈው። የባሌ እግር መሬት እስኪነካ ዓይኔን ከመሰላሉ አልነቀልኩም።

መርፌው ዜሮ ሲገባ መሰላሉን ራሴ ወጣሁና ቫልቩን ከፈትኩት። ፎርማኑ ከታች ውሃውን ቀስ አድርጎ እንደገና ወደ ቧንቧው ለቀቀ። አየሩ እያፏጨ መውጣት ጀመረ፤ ዜማው የወንድሜ ነበር፣ ልቅም ያለ የሱ ዜማ። ቁልቁል አየሁ። ባሌ የራስ ቁሩን አውልቆ፣ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል።

«ሰማሁት» አለ።

ከዚያ ውሃው ተንተፋተፈና ወጥ ሆኖ ፈሰሰ። ፉጨቱ ቆመ።

«በቃ፣ ዝጊው» አለኝ ባሌ።

መዝጋት አቃተኝ። ውሃው ፊቴ ላይ እየወረደ «ወንድም ጋሼ» ብዬ ተጣራሁ። አንዴም፣ ሁለቴም ተጣራሁ። ያን ሁሉ ዘመን ስፈራው የኖርኩት ወንድሜ አሁን ገና ሞተብኝ።