የአንድ ሰዓት ከሃያው ባቡር

እኔ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ዕድሌ ግን ፌዘኛ ሆነና አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰው ባቡር የሚጠብቅበት ቦታ ላይ አስቀመጠኝ። ከከተማው ወጣ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ መሳፈሪያውን እጠርጋለሁ፣ ባቡር ሲመጣ ደግሞ ወጥቼ አረንጓዴውን ባንዲራ አነሳለሁ። ባንዲራው ካልተነሳ ባቡሩ ንቅንቅ አይልም። በዚህ ዓለም ላይ የሚታዘዘኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።

ጠዋት ሠራተኛውን ሁሉ ወደ ከተማ የሚወስደው የአንድ ሰዓት ከሃያው ባቡር ነው። ስሙ ነው እንጂ በአንድ ከሃያ መጥቶ አያውቅም። ዘጠኝ ደቂቃ ይዘገያል፤ ስምንት አይደለም፣ አስር አይደለም፣ ዘጠኝ። ሰፈሩም ኑሮውን በዚሁ አስተካክሏል። ሒሳብ አስተማሪው በአንድ ከሃያ ገና ጫማውን ይወለውላል። ፀጉር ሠሪዋ ከቤቷ የምትወጣው በአንድ ከሃያ አምስት ነው። ቀድሞ መጥቶ መሳፈሪያው ላይ የሚንቆራጠጥ ሰው ካየን እንግዳ መሆኑን እናውቃለን።

የዚያን ሰኞ ጠዋት እንደ እንግዳ የሆነችብኝ የገዛ እህቴ ናት። ሚጣ እንላታለን፤ ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቷት እንኳ ሚጣነቱ አልለቀቃትም። አባታችን አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ እኔ ሥራ ስላለኝ እሷ ትምህርቷን አቋርጣ አስታመመችው። ስድስት ዓመት ሙሉ። እሱ ካረፈ በኋላ ደብተሯን አቧራውን አራግፋ አነሳችና ለነርስነት ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ተመዘገበች። ፈተናው የዚያን ቀን ነው፤ የግቢው በር ልክ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። ከሠላሳ አራት ዓመት በላይ ስለማይቀበሉ የሚቀጥለው ዓመት የሚባል ነገር የላትም። ካለፈች ደግሞ እዚያው ከተማ አዳሪ ትሆናለች፤ እኔም በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከግድግዳ ጋር ሳወራ እኖራለሁ። ይህን እያሰብኩ ስንት ቀን እህል አልወርድ እንዳለኝ የማውቀው እኔ ነኝ።

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሥራ ስወጣ ሚጣን ለብሳ፣ እስክሪብቶዋን ጨብጣ በሩ ላይ አገኘኋት። አብሬሽ ልሂድና ጣቢያው ልጠብቅ አለችኝ። ሳቅኩባት። ብርድ ላይ ቆመሽ፣ ጣትሽ ደርቆ ምን ልትጽፊ ነው አልኳት። ቁርስሽን ብዪ፣ ማስታወሻሽን አንዴ ከልሺ፣ በአንድ ከሃያ ስምንት መሳፈሪያው ላይ ከደረስሽ ይበቃሻል፤ ያንን ባቡር ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም አልኳት። ታላቋ ነኝና አመነችኝ።

አንድ ከአስራ ዘጠኝ ላይ ባዶውን መሳፈሪያ እየጠረግኩ ሳለ ሐዲዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የጭነት ባቡር መሰለኝ። ቀና ስል የእኛው ባቡር ነው፤ መብራቱን አብርቶ ኩርባውን እየዞረ ይመጣል። ግድግዳው ላይ ያለው ማስታወቂያ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከሰኞ ጀምሮ ባቡሮች በሰዓታቸው ይነሳሉ ይላል። ዓርብ ዕለት ሙጫ ቀብቼ በገዛ እጄ ለጥፌዋለሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት በየዓመቱ ይመጣል፤ እለጥፈዋለሁ፣ ዝናብ ያወርደዋል፣ ባቡሩም እንደ ልማዱ ይዘገያል። ሌላው ሰው አላነበበም ይባል። እኔ ግን አንብቤ፣ ስቄ ነው የለጠፍኩት።

ደወልኩላት። ይጠራል፣ አይነሳም። ለፈተናው ብላ ከአሁኑ ድምፁን አጥፍታዋለች ማለት ነው። የሚቀጥለው ባቡር ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከተማ ለመድረስ አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ይህን ለማስላት ሒሳብ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም።

ባቡሩ ቆመ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ የሚሳፈር አንድም ሰው የለም። ሹፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ባንዲራዬን ጠበቀ። ባንዲራው በእጄ ነው፤ እጄ ግን አልተነሳም። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት አለፈ። ከሌላ ጣቢያ የተሳፈሩት ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ማጉረምረም ጀመሩ፤ አንዱም ሰደበኝ። ሹፌሩ ወርዶ መጣና ብልሽት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የለም አልኩት።

“ታዲያ ማንን ነው የምንጠብቀው?”

“እህቴን።”

እንደ እብድ አየኝ። በዚህ መስመር የመጀመሪያ ቀኑ መሆኑን፣ አለቆቹ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደሚመዘግቡ በሚለማመጥ ድምፅ ነገረኝ። አሳዘነኝ። ሁሉንም በእኔ አሳብብ ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ቢሮ ውስጥ ስልኩ መጮህ ጀመረ፤ አላነሳሁትም። መሳፈሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለስኩበት፣ መንገዱን አየሁ፣ ሰዓቱን አየሁ፣ ደግሞ መንገዱን አየሁ።

በአንድ ከሃያ ስምንት ሰፈሩ ብቅ አለ። አስተማሪው በሚያብለጨልጭ ጫማው፣ ፀጉር ሠሪዋ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ ሌሎቹም ከኋላ። ባቡሩን ቆሞ ሲያዩት እንኳ እርምጃቸውን አላፈጠኑም። ሚጣ ከሁሉም በኋላ መጣች። ቁርሷን በልታለች፤ ፊቷ ረጋ ብሏል።

“ዛሬም ዘገየ አይደል፣ እታለም? ልክ እንዳልሽው” አለችኝ።

“ዘገየ” አልኳት። “ግቢ።”

የተገለበጠ ኮሌታዋን አስተካክዬ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኳት። ከዚያ ባንዲራውን አነሳሁ።

ባቡሩ ከዓይኔ ሲጠፋ ገብቼ ስልኩን አነሳሁት። ተረኛው አለቃ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ ባቡሩን ለምን እንዳቆምኩ ጠየቀኝ። እውነቱን ነገርኩት። ነገ ጠዋት የጣቢያውን ቁልፍ ይዤ ዋናው መሥሪያ ቤት እንድቀርብ አዘዘኝ። እሺ አልኩት፤ ምንም አልተከራከርኩም።

ሚጣ ታልፋለች፤ አውቃታለሁ። በወሩ ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች። ሥራዬን በደንቡ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ ከእኔው ጋር ትቀር ነበር።